ቀጣዩ ኳስ ለተሳሳተው

ካርንብራይ፣ ስኮትላንድ
ጥር 14 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.

ለተከበሩ አጎቴ ዱጋልድ ሬኒ፣
ዌስትፖርት፣ ኒውዚላንድ

ይህች ደብዳቤ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ እርስዎንና ባለቤትዎን በደህና ታግኝልኝ። እኛ ከብርዱ በቀር የምንከሰው የለንም፤ እሱንም ቢሆን ለምደነዋል።

አያውቁኝም። ኤፊ ማክሪ እባላለሁ። እናቴ ጂን ሬኒ ናት፤ የእሷ አባትና የእርስዎ አባት የአጎት ልጆች ነበሩ። ዝምድናችን ትንሽ ራቅ ቢልም እናቴ ስምዎ ሲነሳ እስከ ዛሬ «የእኛው ዱጋልድ» ነው የምትለው። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ቀን ቀን ዳቦ ቤት እሠራለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ የካርንብራይ ቲስል እግር ኳስ ክለብ ጸሐፊ ነኝ። ሴት ጸሐፊ ሆነች ብለው የሳቁ ነበሩ። ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ሌላ ሰው ሲያጡ ሳቁን ትተውታል።

የጻፍኩልዎ ስለ ክለቡ ነው። እርስዎ ከሄዱ በኋላ እዚህ አንድ ሕግ ወጥቷል። ተጫዋች ኳስ ካበላሸ ቀጣዩ ኳስ ለእሱ ይሰጣል። ጓደኞቹ የቱንም ያህል ቢጨንቃቸው ፈልገው ያቀብሉታል። ደጋፊውም ለምዶታል፤ የቀኝ መስመር ተከላካያችን ሳንዲ ቦይድ ኳሱን ለባላጋራ ባስረከበ ቁጥር ሜዳው በሙሉ «ለሳንዲ፣ ለሳንዲ» ይላል። እንግዶቹ በልጁ የምናላግጥ ይመስላቸዋል። እውነቱን ልንገርዎና፣ ሳንዲ ስህተቱ ከመብዛቱ የተነሳ ኳስ ሲሰጠው ሲሰጠው በመጨረሻ ከቡድኑ የተሻለ አቀባይ ሆኖ አረፈው።

ነገሩ ከሜዳም ወጥቷል። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመቴ የቅዳሜውን ዳቦ በሙሉ አሳርሬ ሽርጤን ስፈታ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት «የሰኞውን ምድጃ የምትይዥው አንቺ ነሽ» ብሎኝ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ። ያን ቀን ቢያባርረኝ ኖሮ ሁለተኛ ሊጥ የምነካ አይመስለኝም።

ሕጉን ያወጣው ከ1946 እስከ 1971 ክለቡን የያዘው አሰልጣኝ፣ ታም ጊልክሪስት ነው። አምና በመጋቢት አረፈ። አዲሱ አሰልጣኛችን ሚስተር ፔትሪ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ግን ይህ ሕግ ይነሳ የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ሰኔ 9 ቀን በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ ይሰጥበታል። እኔ እንዲቀር አልፈልግም። «ለምንድን ነው የወጣው?» ብለው ሲጠይቁኝ ግን መልስ የለኝም።

የክለቡን ወረቀት ሳገላብጥ የጊልክሪስትን የኪስ ደብተሮች አገኘሁ። በየውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ገጽ አናት ላይ ሁለት ፊደል አለ፤ «ዱ. ሬ.» ይላል። ሃያ ሁለት ደብተር፣ ሃያ ሁለት ጊዜ። የማልያ ኃላፊያችንን ዊሊ ታጋርትን ስጠይቀው ማጠቢያው ላይ እንዳቀረቀረ «ዱጋልድ ሬኒ» አለኝና ወጣ።

አጎቴ፣ ምን እንደነበረ ቢጽፉልኝ ለጉባኤው አነብላቸዋለሁ። እምቢ ቢሉም አልቀየምም።

እግዚአብሔር ቤትዎን ይጠብቅ።

የሥጋ ዘመድዎ፣
ኤፊ ማክሪ


ዌስትፖርት
መጋቢት 2 ቀን 1978

ለሚስስ ማክሪ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። መልሱ የዘገየው ሥራ ስለበዛብኝ ነው።

እኔና ባለቤቴ ናይሪ ደህና ነን። እዚህ በጋው አልቆ ዝናብ ጀምሯል፤ ጎመኑ ዘንድሮ ጥሩ ነው። አሁንም ከሰል ማዕድን ውስጥ ነው የምሠራው፤ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ።

ስለ እግር ኳስ ለጠየቁኝ፣ ኳስ ከተውኩ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የዚህ አገር ሰው የሚወደው ራግቢ ነው፤ ለእኔም ተስማምቶኛል። ስለዚያ ክለብ የምነግርዎ የለኝም።

ከጻፉልኝ አይቀር ግን ሁለት ነገር ልለምንዎ። አንደኛው የእናቴ መቃብር ነው። በ1961 ስትቀበር አልነበርኩም። ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ቆሞ እንደሆነ አይተው ይጻፉልኝ። ሁለተኛው የከሰሉ ነገር ነው። የከሰሉ መኪና ግማሽ ቶኑን በራፍ ላይ ዘርግፎ እንደሚሄድ ያውቁታል። እናቴ ጀርባዋን ታማ ነበር፤ በአካፋ ልታስገባው አትችልም። በየደብዳቤዋ ግን «ከሰሉን የሚያስገባልኝ ሰው አለ፣ አታስብ» ትለኝ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ። ማን እንደሆነ ስሙን ጠርታ አታውቅም። ያ ሰው በሕይወት ካለ ላመሰግነው እፈልጋለሁ። ሳላመሰግነው መኖሬ ይከነክነኛል።

ዱ. ሬኒ


ካርንብራይ
መጋቢት 14 ቀን 1978

ውድ አጎቴ፣

እንኳን ደህና ሆኑልኝ። ናይሪን ሰላም ይበሉልኝ፤ ስሟን ማንበብ ብቻ ደስ አለኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ወደ መቃብሩ ሄድኩ። ድንጋዩ ወደ ግራ ዘምሞ ነበር። ለዊሊ ታጋርት ብነግረው በማግስቱ ሁለት ተጫዋች ይዞ መጣ፤ ቆፍረው አቀኑት፣ ከሥሩም ጠጠር ሞሉበት። ዊሊ ውሃ ልኩን ሦስት ጊዜ ለካ። «ይበቃል እኮ ዊሊ» ስለው «ለዚች ሴትዮ አይበቃም» አለኝ። ፊደሉን እኔ በቡሩሽ አጠብኩት። አሁን ስሟ ከመንገድ ይነበባል።

ከሰሉን ማን እንዳስገባ አውቃለሁ። ሰውየው በሕይወት የለም። ስሙን ዛሬ ሳልነግርዎ ብቀር አይዘኑብኝ፤ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ግን የእርስዎን ነገር ከእርስዎ አፍ መስማት አለብኝ፤ ሁለቱ የተያያዙ ይመስለኛል።

እዚህ ነገሩ ከሮብናል። ቅዳሜ ሳንዲ ያበላሸውን ኳስ ተከትሎ ሌላ ኳስ ሰጡት፤ ያንንም አበላሸና ተሸነፍን። ሚስተር ፔትሪ መልበሻ ክፍል ውስጥ ረጋ ብሎ ተናገረ። «ኳስ የሚሰጠው ለተረጋጋ ሰው ነው። በዚህ ሕግ ዘንድሮ ሦስት ጨዋታ ከስረናል፤ ቆጥሬዋለሁ» አለ። ልክ ነው፤ እኔም ቆጥሬዋለሁ። ሁለታችንም ያልቆጠርነው ነገር ግን አለ ብዬ አምናለሁ፤ ምን እንደሆነ መናገር ስላልቻልኩ ነው የተቃጠልኩት።

የጉባኤው ነገር ይቅር፣ አጎቴ። አላነበውም። ለእኔ ብቻ ይጻፉልኝ። በዚያ ሕግ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ከየት እንደመጣ ልወቅ።

አምላክ ከጉድጓዱ በሰላም እያስገባ በሰላም ያውጣዎት።

ኤፊ


ዌስትፖርት
ሚያዝያ 5 ቀን 1978

ልጄ ኤፊ፣

የእናቴን ድንጋይ ያቀናሽልኝን ልጅ ከእንግዲህ «ሚስስ» አልልሽም። እጅሽ ይባረክ። ናይሪ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፤ መነጽሬ ስለደበዘዘ ነው ብያታለሁ።

እሺ፣ ስሚኝ።

ሚያዝያ 1949፣ የአውራጃው ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ከዳልሹ ጋር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አምስት ቁጥር፣ የመሐል ተከላካይ። ሜዳው ጭቃ ነው። በሃምሳኛው ደቂቃ ኳሷን ወደ በረኛችን መለስኳት፤ መሐል ላይ ጭቃው ያዛት። የእነሱ አጥቂ ደርሶ አገባት። አንድ ለዜሮ። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማንንም አላማርርም።

ከዚያ ጊልክሪስት መስመሩ ዳር መጣና ጮኸ። «ለአምስት ቁጥር ኳስ የሚሰጥ ሰው ሁለተኛ ይህን ማልያ አይለብስም» አለ። በዚያ ጊዜ ተቀያሪ የሚባል ነገር ስላልነበረ ሊያስወጣኝ አይችልም። ሜዳ ላይ አቁሞ አስወጣኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ እጄን እያነሳሁ «እዚህ ነኝ» እላለሁ፤ በአጠገቤ ያልፋሉ። ዊሊ ታጋርት ከእኔ አምስት እርምጃ ርቆ ነበር የሚጫወተው። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ኳሷን ወደ ውጭ መታት። ሦስት ለዜሮ ተሸነፍን።

ሰኞ ጉድጓድ ስንወርድ የሚያናግረኝ ጠፋ። አሁን ሳስበው ክፋት አልነበረም፤ ምን እንደሚሉኝ ጨንቋቸው ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ግን ይህን ማን ያስባል። በሐምሌ ከግላስጎው መርከብ ተሳፈርኩ። እናቴን አንድ ነገር ብቻ ለመንኳት፤ የኳስ ነገርና የዚያን ሰው ስም እንዳትጽፍልኝ። ቃሏን እስክትሞት ጠበቀች።

አንቺ ደግሞ ይሄው ሰውዬ ለተሳሳተ ሰው ኳስ ስጡ የሚል ሕግ አውጥቶ፣ አገር ሙሉ ሲያመሰግነው ኖሮ አረፈ ትይኛለሽ። አሁንም ሌሊት ሌሊት እጄን እንዳነሳሁ የምነቃበት ቀን አለ። ይቅር ያልሽውን ነገር እኔ አልተውኩትም፤ ይህን ለጉባኤው አንብቢላቸው። የማን ሕግ እንደሆነ ይወቁት።

የከሰሉን ሰው ስም እጠብቃለሁ።

ዱጋልድ


ካርንብራይ
ሚያዝያ 18 ቀን 1978

አጎቴ፣

ሰላምታዬን ዛሬ ማስረዘም አልቻልኩም።

ታም ጊልክሪስት አባቴ ነው። እናቴ በ1950 አገባችው። ማክሪ የባሌ ስም ነው። በመጀመሪያው ደብዳቤ ይህን ብጽፍልዎ ቀደው ይጥሉታል ብዬ ፈራሁ። አታለልኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ።

የእናትዎን ከሰል ያስገባው እሱ ነው።

እናቴን አፋጥጬ ጠየቅኳት፤ ሃያ ስምንት ዓመት የያዘችውን ነገረችኝ። ከዚያ ጨዋታ በኋላ አባቴ ለሳምንታት እንቅልፍ አጣ። የሚሄዱበትን ቀን የሰማው በዕለቱ ጠዋት ነው። ከሥራ ልብሱ ሳይወጣ በባቡር ወደ ግላስጎው ሄደ፤ ወደቡ ሲደርስ መርከቡ ወጥቷል። በማግስቱ እናትዎ ዘንድ ሄዶ አድራሻዎን ለመነ። በሩን ከፍታ ምን እንዳለችው እናቴ ቃል በቃል ነው የያዘችው። «አድራሻውን አልሰጥህም፤ ቃል አለብኝ። ከሰሉ ግን እንደምታየው ደጅ ላይ ነው፤ አካፋው እዚያ አለልህ።» አስገባላት። ከዚያ ወዲያ መኪናው በመጣ ቁጥር፣ የጨዋታ ቀንም ቢሆን፣ መጀመሪያ የእርሷን ከሰል ያስገባል። እጁን ታጥቦ ወደ ሜዳ ይመጣል። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ብቻ ሻይ ግባ አለችው። ቤት መጥቶ ለእናቴ ሲነግራት አለቀሰ አለችኝ።

የዚያን ጨዋታ ደብተር ፈልጌ አገኘሁ። አሥራ አንዱ ስም አለ፣ ውጤቱ አለ። ከሥሩ በእርሳስ እንዲህ ይላል፤ «የልጁ ስህተት አንድ ግብ አስገባብን። የእኔ ሁለት።» በሚቀጥለው የውድድር ዘመን የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ዱ. ሬ.» አለ፤ ከፊደሎቹ ሥር ሕጉ። ለማንም ምክንያቱን አልተናገረም። አባቴ ቸር ሰው ስለሆነ ያወጣው ሕግ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያጠፋ ሰው ሕግ ነው።

አባቴን እወደዋለሁ፤ ያደረገብዎትን ደግሞ አነበብኩት። አንዱ ሌላውን አያጠፋልኝም። አሁንም ይነበብ ካሉ አነባለሁ። ሳይፈቅዱልኝ ግን አንዲት ቃል አላነሳም።

ኤፊ


ካርንብራይ
ግንቦት 24 ቀን 1978

አጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ። አምስት ሳምንት ሆነ፤ ፖስተኛው ሲመጣ ከዳቦ ቤቱ እየወጣሁ አየዋለሁ፣ ራሱን ይነቀንቅልኛል። ጉባኤው ሊደርስ ነው። ደብዳቤዎን በፖስታው ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ካልጻፉልኝ እዚያው ይቆያል።

መቃብሩ ላይ ቢጫ አበባ በቅሏል። ማንም የተከለው የለም፤ ራሱ ነው።

ኤፊ


ዌስትፖርት
ግንቦት 26 ቀን 1978

ልጄ ኤፊ፣

ሰላም ለቤትሽ፣ ሰላም ለእናትሽ። ዝም ያልኩት ቂም ይዤብሽ አይደለም።

ደብዳቤሽ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጀርባ ወር ያህል ተቀመጠ። ናይሪ አቧራ ስታራግፍ ታነሳዋለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ትናንት ግን «አሮጊቷ እናትህ ያን ሰውዬ ሻይ ግባ ያለችው ምን ብታይ ነው?» አለችኝ። ወጥቼ ጎመኑን ስኮተኩት ዋልኩ።

አየሽ፣ አንድ ሰው ነበር የጠላሁት፤ አንድ ሰው ነበር ላመሰግነው ስፈልግ የኖርኩት። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ለመልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ከሰል ብዙ ነው፣ ኤፊ። እኔ ያን ሥራ አውቀዋለሁ። ወገብ ይቆርጣል።

አንብቢው። ያ መጥፎው ቀን ሳይቀነስ፣ ከሰሉም ሳይቀነስ፣ ሁለቱንም አንብቢ። አባትሽን ለማዳን ስትይ የምትዘይው ነገር አይኑር። ድምፅ ባይኖረኝም የእኔን ሐሳብ ከጠየቁሽ፣ ሕጉ ይኑር። ለእኔ አልደረሰልኝም፤ ለሳንዲ ቦይድ ግን ደርሶለታል። በዚህ ደስ ብሎኛል፤ ደስ ይለኛል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

እንዲህ ደግሞ በያቸው፤ ዱጋልድ ሬኒ ጊልክሪስትን ስለ ከሰሉ ያመሰግናል። መቃብሩ ላይ ሄደሽም በይልኝ።

«እርስዎ» ማለቱንም ተይኝ። አንተ በይኝ።

አጎትሽ ዱጋልድ


ካርንብራይ
ሰኔ 11 ቀን 1978

ውድ አጎቴ፣

ደብዳቤህ የደረሰው በጉባኤው ዕለት ጠዋት ነው። ፖስተኛው የሰፈሩን ደብዳቤ ለኋላ አቆይቶ መጀመሪያ ወደ እኔ ሮጠ። እግሩን እንዲህ ሲያነሳ አይቼው አላውቅም። «አንተ» ማለት ገና አልለመደልኝም፤ ብሳሳት ታልፈኛለህ።

የማዕድን ሠራተኞች አዳራሽ ጢም ብሎ ነበር። ሚስተር ፔትሪ ሐሳቡን አቀረበ፤ ሦስቱን ጨዋታ ቆጠረ። ከዚያ እኔ ተነሳሁ። ያንተን ሁለቱንም ደብዳቤ አነበብኩ፣ የአባቴን ደብተር አነበብኩ፣ ከሰሉን ነገርኳቸው። «ታም ጊልክሪስት አባቴ ነው፣ ይህን አድርጓል» ያልኩት እናቴን እያየሁ ነው። እናቴ ፊት ወንበር ላይ ኮቷን ሳታወልቅ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ነበር።

ሚስተር ፔትሪ ተነሳ። «እኔ የቆጠርኩት ሕጉ ያስከፈለንን ነው። ይህ ሰው የቆጠረው ሕጉ ባይኖር የሚያስከፍለውን ነው» አለ። «አሥር ሰው ይዤ መጫወት አልፈልግም። ሐሳቤን አንስቻለሁ።» ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ከኋላ አንዱ «ለፔትሪ» አለ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እሱም ሳቀ።

ሊቀመንበሩ ግን ደንብ የሚወድ ሰው ነው። ሐሳቡ በአጀንዳው ላይ ስላለ ድምፅ ይሰጥ አለ። «ሕጉ ይነሳ የምትሉ እጅ አውጡ።» አንድ እጅ ብቻ ወጣ። የማን መሰለህ? የሳንዲ ቦይድ። ሕጉ ይኑር የሚለው የተጠየቀ መስሎት ቸኩሎ ነው። ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀላ። መላው አዳራሽ በአንድ አፍ «ለሳንዲ፣ ለሳንዲ» አለ፤ ሊቀመንበሩ እየሳቀ «ሳንዲ፣ ድጋሚ ምረጥ» አለው። ያን ጊዜ እናቴን አየኋት፤ እየሳቀች እያለቀሰች ነበር።

ሕጉ ጸና።

ሰው ሲወጣ ዊሊ ታጋርት ከቦታው አልተነሳም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ሲጠራኝ ሰምቼዋለሁ» አለኝ። «ሁለት ጊዜ ልሰጠው እችል ነበር። አባትሽን ፈራሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማልያ የማጥበው ለምን ይመስልሻል?» ከዚያ ለአንተ የሚላክ ነገር እንዳለው ነገረኝ። ምን እንደሆነ አልነግርህም፤ የነሐሴው የመጀመሪያ ጨዋታ እስኪያልቅ እዚህ ይፈለጋል፤ ከዚያ በመርከብ ይመጣል፤ ይዘገያል።

አባቴ መቃብር ላይ ሄጄ ምስጋናህን አደረስኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ በወጉ እንዲሰማው። ለእኔ ስላደረግክልኝ ደግሞ እኔ አመሰግንሃለሁ። አባቴን እንደ ሐውልት ነበር የማውቀው። አንተ ሰው አድርገህ መለስክልኝ።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥህ። ናይሪን ሳምልኝ።

ልጅህ ኤፊ


ዌስትፖርት
ኅዳር 4 ቀን 1978

ልጄ ኤፊ፣

ሰላምታዬ ለአንቺ፣ ለጂን፣ ለዊሊና ሜዳ ዳር ቆሞ ለሚጮኸው ሁሉ ይድረስ። እኛ በጣም ደህና ነን፤ ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምጽፈው።

ጥቅሉ ማክሰኞ ደረሰ። ፖስታ ቤት ያለው ልጅ «ጫማ ነው?» አለኝ። ቤት ወስጄ ገመዱን ፈታሁት። አየሯ የወጣ፣ እንደ ቂጣ የተጠፈጠፈች የነሐሴው ጨዋታ ኳስ። የካርንብራይ ጭቃ እስካሁን ስፌቷ ውስጥ አለ። ዊሊ በቀለም የጻፈባትን አነበብኩ፤ «ዱጋልድ፣ ዘግይቻለሁ። ዊሊ።» ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ናይሪ ምን ሆንክ ብላ መጣች፤ ኳሷን ሰጠኋት። አነበበች። ታሪኩን ስለምታውቀው ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም።

መንፊያ ከትምህርት ቤቱ ተዋስን። ነፋኋት። ሥራ ጫማዬን እንዳደረግኩ ጓሮ ወጣሁ፤ የከሰል ማስቀመጫው ግድግዳ በረኛ ይሁንልኝ ብዬ ያቺን የሃያ ዘጠኝ ዓመት ኳስ ወደ ኋላ ልመልሳት ተነሳሁ። አርባ ስምንት ዓመቴ መሆኑን ረስቼው ነበር። ጫፏን መታኋትና ጎመኑ ውስጥ ገባች፤ ሁለት ራስ ጎመን ሰበርኩ።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለመሳቅም ለማልቀስም አልሆነልኝም። ናይሪ በበሩ በኩል ወጣች። ስኮትላንድን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ ኳስ አትወድም። ቀሚሷን ሰብስባ ጎመኑ መሐል ገባች፣ ኳሷን አነሳች፣ ጭቃውን በሽርጧ ጠረገችና መጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ቆመች።

ሁለተኛዋ ቀጥ ብላ ሄደች።

ለአንቺ የምለው ምስጋና ወረቀት አይበቃውም። አባትሽ ለእኔ ሲል ያወጣውን ሕግ እኔ ጓሮ ድረስ ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ለዊሊ ደግሞ ንገሪልኝ፤ አልዘገየም፤ ኳሷ ደርሳኛለች።

ዱ. ሬ.